ከተኮላሸ በኋላም ይጮሃል

ወንድ ውሻ ስለ ማኮላሸት ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። «ከዚያ በኋላ ግቢ ይጠብቃል ወይ?» አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ሰው ውሻ የሚይዘው ለጥበቃ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ቤት ቦቢን ስለ ማኮላሸት ስናወራም መጀመሪያ የመጣው ይኸው ነበር። እናቴ፣ አጠገባችን ያሉት አዛውንት ጎረቤታችን፣ ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ልጅ፣ ሁሉም ያሉት ተመሳሳይ ነው። «ይፈዛል። ይወፍራል። ሌባ ቢገባ እንኳ ቀና ብሎ አያይም።»

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ይጠብቃል። ቦቢ ዛሬም ይጠብቃል። ግን ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ሌላ የሚበልጥ ጥያቄ አለ። ማኮላሸት ከውሻ ጠባይ የትኛውን ይለውጣል? የትኛውንስ አይነካም? አንዱ የውሻዬ ወኔ ይጠፋል ብሎ ይፈራል። ሌላው ደግሞ ውሻዬ ተናካሽ ነው፣ ከተኮላሸ ይገራል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ሁለቱም ከቆለጥ የማይመጣ ነገር ከቆለጥ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ይህ ነገር ሲምታታ ውሾች ሲጎዱ ስላየሁ ልጽፍበት ፈለግኩ።

ቦቢ የአበሻ ውሻ ነው። ቡላ ቀለም፣ ቀጥ ያለ ጆሮ፣ ቀጫጭን እግር። ከቡችላነቱ ጀምሮ እኛ ግቢ ነው ያደገው። ጎረምሳ እስኪሆን ድረስ ምንም ችግር አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ ግን የግቢው በር ለመኪና በተከፈተ ቁጥር ሾልኮ መውጣት ጀመረ። ከሰፈራችን ታች ያለው የሕንፃ ግንባታ ቦታ ላይ ሴት ውሻ ወንድ ስትፈልግ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ እዚያ ይከማቻል። ቦቢም እዚያው ያድራል። ሲመለስ ጆሮው ተተልትሏል፣ ወይም ያነክሳል፣ ወይም አፍንጫው ላይ ደም ደርቋል። ግቢ ውስጥም ሌላ ጣጣ ነበር። የመኪና ጎማ፣ የውሃ ሮቶ፣ የልብስ ሳፋ፣ በረንዳ ላይ የወለቀ ጫማ፣ ሁሉም ላይ እግሩን አንስቶ ይሸናል። እንግዳ ቁጭ ሲል እግሩ ላይ ይንጠለጠላል። የእህቴ ልጆች ሲመጡ ደግሞ ከእነሱ ጀርባ አይወርድም ነበር።

ከዚህ ሌላ ሁለት ጠባዮች ነበሩት። ቆራሌው በመንገድ ሲያልፍ ድምፁን ከሰማ በሩን ሊሰብረው ይደርሳል። በቡሄ ሰሞን ደግሞ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ አልጋ ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጣል። እነዚህን ሁለቱን ለይቼ የጻፍኩት ከላይ ካሉት ጋር አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ነው።

እኛ ማኮላሸትን የምናውቀው ከበሬና ከፍየል ነው። ገበሬው ወይፈኑን አኮላሽቶ ያርስበታል። ፍየሉን አኮላሽቶ ሙክት ያደርገዋል፤ በዓል ሲደርስ ጥሩ ዋጋ ያወጣለታል። ድሮ በድንጋይና በእንጨት ይቀጠቀጥ ነበር። አሁን በየወረዳው ያሉ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ቡርዲዞ በሚባል ትልቅ ጉጠት ቆዳው ሳይቀደድ ወደ ዘር ፍሬው የሚሄደውን የደም ሥር ይጨፈልቁታል። ከዚህ ሁሉ ልምድ አእምሯችን ውስጥ የቀረው የሰባ፣ የረጋ፣ ለሰው የሚታዘዝ እንስሳ ነው። ያንኑ እንዳለ አምጥተን ውሻ ላይ እንጭነዋለን።

ግን እስቲ ነገሩን ደግመን እንየው። ሙክት የሚሰባው ስለተኮላሸ ብቻ አይደለም። ታስሮ ስለሚቀለብም ነው። የእርሻ በሬም እኮ የተኮላሸ ነው። ፈዛዛ ነው የሚለው ገበሬ ግን የለም። ቀንበር ተሸክሞ፣ ደረቅ መሬት እየገለበጠ ይውላል። ጉልበቱ የትም አልሄደም። የቀረው ላም ባየ ቁጥር እርሻውን ጥሎ መሄዱ፣ ሌላ በሬ ባየ ቁጥር ለመዋጋት መነሳቱ ነው። ገበሬው የፈለገውም ይህንኑ ነው። ለመቶዎች ዓመታት በሬ ሲያኮላሽ የኖረ ሕዝብ የትኛው ጠባይ እንደሚቀንስና የትኛው እንደሚቀር በተግባር ያውቀዋል ማለት ነው። ውሻ ጋ ሲደርስ ነው የምንረሳው።

ውሻ ላይ የሚደረገው ቀዶ ጥገና ከቡርዲዞ ይለያል። ሐኪሙ ውሻውን በማደንዘዣ ያስተኛዋል። ከቆለጡ ከረጢት ፊት ለፊት ትንሽ ቀዳዳ ይከፍትና ሁለቱንም የዘር ፍሬ ያወጣቸዋል። ብዙ ጊዜ አይፈጅም። የሴቷ ሆድ መከፈት ስላለበት ከባድ ነው፤ የወንዱ ቀላል ነው። ቦቢ በዚያው ቀን ቤቱ ገባ። ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ስፌቱን እንዳይልስ መጠበቅና እንዳይዘል ማድረግ ነበር።

የዘር ፍሬው ሲወጣ ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ዋና ምንጭ ይደርቃል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ጠባዩ ግን በሰዓታት አይለወጥም። አንዳንዱ ውሻ ቶሎ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ወራት ይወስድበታል። የዘር ፈሳሽም በመንገዱ ላይ ስለሚቀር የተኮላሸ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሴት ሊያስረግዝ ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። «አኮላሽቼው ነበር እኮ» የሚል ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሌላም አለ። ቴስቶስትሮን ሥራውን የሚጀምረው ውሻው ሲጎረምስ አይደለም። ቡችላው ገና እናቱ ማኅፀን ውስጥ እያለና እንደተወለደ ሰሞን አንጎሉን የወንድ አድርጎ ይቀርጸዋል። በኋላ ቆለጡ ቢወጣ ያ የተቀረጸው ነገር አይመለስም። ለዚህ ነው የተኮላሸ ውሻ እግሩን አንስቶ መሽናቱን የማይተወው። ለዚህም ነው አንዳንዱ ሌላ ውሻ ላይ መውጣቱን እስከ መጨረሻው የሚቀጥለው። ሆርሞኑ ፍላጎቱን ያበረታው ነበር እንጂ መንገዱ ቀድሞ የተሠራ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከቀደሙት ጥናቶች የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ነው። ካደጉ በኋላ የተኮላሹ የ42 ወንድ ውሾች ባለቤቶች ተጠየቁ። ሴት ፍለጋ ከቤት ወጥቶ መዞር ከነበረባቸው ውሾች 90 ከመቶው ላይ ቀነሰ። ከሌላ ወንድ ውሻ ጋር መደባደብና ሰው ላይ መውጣት ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ቀነሰ። ቤት ውስጥ ሽንት መርጨት ግማሽ ያህሉ ላይ ቀነሰ። ግቢን መጠበቅና ከፍርሃት የሚመጣ መናከስ ግን አልተለወጡም።

እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ 57 ውሾች ላይ ተመሳሳይ ጥናት ተደረገ። በመዞር፣ ሰው ላይ በመውጣትና ሽንት በመርጨት በኩል ከ60 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ውሾች ቢያንስ በግማሽ ተሻሻሉ። ሙሉ በሙሉ ለመተው የተቃረቡት ግን ከዚያ በጣም ያንሳሉ። በመናከስ በኩል የተሻሻሉትም ጥቂቶች ናቸው። ከዚህ ጥናት እኔን የገረመኝ ስለ ዕድሜ የተገኘው ነው። ውሻው በስንት ዓመቱ እንደተኮላሸ ወይም ጠባዩ ለስንት ጊዜ እንደቆየበት በውጤቱ ላይ ለውጥ አላመጣም። «አሁንማ አድጓል፣ አንዴ ሴት ለምዷል፣ ዋጋ የለውም» የሚለው የሰፈር ወሬ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ወደ ቦቢ ልመለስ።

መጀመሪያ የቀረው ከግቢ ሾልኮ መውጣቱ ነው። በር ሲከፈት አሁንም ቀና ይላል። ሄዶ ደጁን ያሸታል። ከዚያ ተመልሶ ይተኛል። የግንባታው ቦታ ውሾች በሌሊት ሲጯጯሁ ድሮ አጥሩን ለመዝለል ይሞክር ነበር፤ አሁን ከሩቅ ይመልስላቸዋል እንጂ አይነሳም። ከዚያ ወዲህ በቁስል አልተመለሰም። ልጆቹ ላይ መውጣቱ ቀስ እያለ ጠፋ። ሽንቱ ግን ግማሽ በግማሽ ነው። ጫማና ሳፋ ትቷል። የመኪና ጎማውን ግን አልተወም፤ በተለይ የእንግዳ መኪና ከሆነ። ጎማው ከሌላ ሰፈር የሌላ ውሻ ሽታ ይዞ ይመጣልና እሱም መልስ ይሰጣል። ይህን መቀበል ነው።

ቆራሌውስ? ቆራሌውን ዛሬም እንደ ድሮው ይጮህበታል። የቡሄ ጅራፍንም እንደ ድሮው ይፈራል። ሁለቱም ላይ ማኮላሸቱ አንዲት ነገር አልቀነሰም። መጀመሪያ ለይቼ ያነሳኋቸው ለዚህ ነው።

«ውሻ በበላበት ይጮሃል» እንላለን። አባቶቻችን ይህን ያሉት ስለ ሰው ሊናገሩ ነው፤ ስለ ውሻው ግን ፍጹም እውነት ነው። ውሻ ግቢ የሚጠብቀው ቤቱ ስለሆነ፣ ስለሚበላበት፣ ስለሚተኛበት፣ የሚወዳቸው ሰዎች ስላሉበት ነው። ሴት ውሻም እኮ ትጠብቃለች። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚፈራት ውሻ ሴት ናት። ጥበቃ የቆለጥ ሥራ ቢሆን ኖሮ እሷ ደጅ ላይ ሰው በነፃ ባለፈ ነበር። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር፣ ግቢ የማይጠብቅ ውሻ ማለት ያልተኮላሸውና በሌሊት ሴት ተከትሎ ሦስት ሰፈር አልፎ የሄደው ነው። ሌባ ሲመጣ እሱ እቤት የለም።

አሁን ከልቤ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ላይ ደረስኩ። ያልሆነ ተስፋ ተደርጎባቸው የሚኮላሹ ተናካሽ ውሾች ናቸው።

ከእኛ በታች ባለው መንገድ አንድ ቤት ውስጥ ቀን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የሚታሰር ውሻ ነበር። ከሰው ጋር አያውቅም። ምግቡን ከሩቅ ነው የሚወረውሩለት። ልጆች ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ይወረውሩበታል። አንድ ቀን የቤቱን ሠራተኛ ነከሰ። ባለቤቱ ደግ ሰው ናቸው፤ ውሻውን ከማስገደል ብለው አኮላሹት። ከዚያ በኋላም ውሻው መናከሱን አልተወም። ጋሼ በጣም አዘኑ። «ተታለልኩ» አሉኝ። ያኮላሸላቸው ሰው የዋሻቸው አይመስለኝም። ያ ውሻ የሚናከሰው ስለሚፈራ ነው። እጅ ሲዘረጋ ድንጋይ መስሎ ይታየዋል። ሰንሰለቱ መሸሽ ስለማያስችለው ያለው ምርጫ ጥርሱ ብቻ ነው። ፍርሃት የሚኖረው ቆለጥ ውስጥ አይደለም።

እንዲህ ዓይነት ውሻን ማኮላሸት አለመጥቀሙ ብቻ አይደለም፤ ሊጎዳም ይችላል የሚል ጥርጣሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ6,000 በላይ ወንድ ውሾችን መረጃ የተመለከተ ጥናት ወጥቶ ነበር። በቴስቶስትሮን ሥር የቆዩበት ጊዜ ያጠረ፣ ማለትም በልጅነታቸው የተኮላሹ ውሾች፣ የፍርሃትና የጭንቀት ምልክት በብዛት አሳይተዋል። ሽንት መርጨታቸው ግን ያነሰ ነበር። እርግጥ ነው ይህ በባለቤቶች መልስ ላይ የተመሠረተ ነው። አስቸጋሪ ውሻ ያለው ሰው ቀድሞ ሊያኮላሸው ስለሚችል የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ከዚህ ብቻ መናገር አይቻልም። ቢሆንም እኔ እንደዚህ ነው የማየው። ቴስቶስትሮን ለውሻ ድፍረትም ይሰጠዋል። ድንጉጥ ውሻ ላይ ያለችውን ጥቂት ድፍረት ከመንሳት በፊት ደግሞ ደጋግሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ለፈሪ ውሻ የሚሠራው ሌላ ነው። ሰንሰለቱን ማስረዘም ወይም መፍታት። ምግቡን በእጅ መስጠት። እንግዳ ሲመጣ ጥሩ ነገር እንዲያገኝ ማድረግ። ቦቢን ከቆራሌው ጋር ለማስማማት የሞከርነው ይህንኑ ነው። ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ፣ ገና ሳይቆጣ፣ አንዲት ቁራሽ ሥጋ እንሰጠዋለን። ድምፁ እየቀረበ ሲመጣ ሌላ ቁራሽ። አሁንም ይጮሃል ብያለሁ፤ ግን በሩን አይገፋም። ጮሆ ወደ እኛ ዞሮ ያያል፤ ቁራሿን ይጠብቃል። ይህን ያመጣው ትዕግሥት ነው፤ ለዚህ ምንም ቀዶ ጥገና አልተደረገም።

ዕድሜን በተመለከተ አንድ ከበድ ያለ ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ጀርመን ሼፐርድ በጣም ይወደዳል። ትልቅ ዘር ውሻ ሲኮላሽ ቶሎ መሆን የለበትም። ምክንያቱ አጥንት ነው። ሆርሞኑ የአጥንት ዕድገት በጊዜው እንዲቆም ምልክት ይሰጣል። ምልክቱ ሲቀር እግሩ ከሚገባው በላይ ይረዝምና መገጣጠሚያው ይዛባል። እ.ኤ.አ. በ2016 በጀርመን ሼፐርዶች ላይ የወጣ ጥናት፣ ዓመት ሳይሞላቸው ከተኮላሹት ወንዶች 21 ከመቶው የመገጣጠሚያ በሽታ እንዳገኛቸው ያሳያል። ካልተኮላሹት ግን 7 ከመቶ ነው። ትናንሽ ዘሮች ላይ ይህ ስጋት ብዙም አይታይም። የአበሻ ውሻ ቀላልና መካከለኛ ቁመና ያለው ስለሆነ እኛን ብዙ አላስጨነቀንም። ቦቢም ሲኮላሽ ዕድገቱን ጨርሶ ነበር።

ውፍረቱስ? እናቴ እዚህ ላይ ልክ ናት። የተኮላሸ ውሻ የምግብ ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ሰውነቱ የሚያቃጥለው ግን ይቀንሳል። እንደ ድሮው ከተቀለበ ይወፍራል። መፍትሔው ደግሞ እጃችን ላይ ነው። የእንጀራ ፍርፋሪውን ሩብ ያህል መቀነስ፣ ከሥጋ ቤት የሚመጣውን ጮማ መተው፣ ጠዋት ጠዋት በገመድ ይዞ መውጣት። ድሮ ሌሊት ሲዞር የሚያቃጥለውን አሁን ከእኛ ጋር ሲራመድ ያቃጥለዋል። አንድ ጎረቤት «ውሻ ይዞ ሲሄድ ፈረንጅ መሰለ» ብሎ ነበር፤ አሁን እሱም የራሱን ይዞ ይወጣል።

ስለ ጤናም ባጭሩ። የተኮላሸ ውሻ የቆለጥ ዕጢ አይወጣበትም። ዕድሜው ሲገፋ የፕሮስቴት እብጠት አያስቸግረውም። የፕሮስቴት ካንሰርን ግን ማኮላሸት አይከላከልም። እንደ እኛ ባለ የሚዞር ውሻ በበዛበት አገር ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለ። በስሪያ የሚተላለፍ ካንሰር አለ። ሕያው የካንሰር ሴል ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው ተሸጋግሮ ብልት ላይ የሚደማ እብጠት ሆኖ ይበቅላል። ሐኪም ቤት ስንሄድ አንድ እንዲህ ያለ ውሻ አይቻለሁ። ቦቢ ከዚያ ግንባታ ቦታ ስንት ጊዜ እንዳደረ ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

ውጭ ያሉት ዘመዶቼ ጋ ሳወራ ደግሞ ዓለም በዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚለያይ አየሁ። ሜሪላንድ ያለችው ዘመዴ ውሻዋን ከመጠለያ ስትወስድ ቀድሞ የተኮላሸ ነበር። እዚያ የተለመደው እሱ ነው። ኦስሎ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ለሐኪሙ «ላኮላሸው» ሲል «ለምን?» ተባለ። ኖርዌይ ውስጥ ውሻን ያለ በቂ ምክንያት ማኮላሸት በሕግ አይፈቀድም። ሰዉ ውሻውን በገመድ ይይዛል፤ በሴቷ የስሪያ ወቅት ይጠነቀቃል፤ በዚህም ይኖራሉ። አውሮፓ ውስጥ ሌላም አማራጭ አለ። ከቆዳ ሥር የምትቀበር ትንሽ መድኃኒት ናት። ስድስት ወር ወይም ዓመት ያህል ሆርሞኑን ታቆማለች፤ ከዚያ ሥራዋ ያልቃል። መጀመሪያ ሰሞን ሆርሞኑን ከፍ ታደርገዋለች፤ ቀጥላ ታወርደዋለች። ውሻው ቢኮላሽ ምን ሊመስል እንደሚችል ቀድሞ ለማየት ይጠቀሙባታል። በጣም ጥሩ ነገር ናት። እዚህ አገር እንደ ልብ ብትገኝ እንዴት በወደድኩ።

የኖርዌይ መንገድ ለእኛ ይሠራል ወይ ብትሉኝ፣ አሁን ባለንበት ሁኔታ አይመስለኝም። የእኛ ውሻ ባለቤት አለው፤ ግን በር ክፍት ነው። ብዙ ቤት ቀን አስሮ ሌሊት ይለቃል። ባለቤት ያለው ውሻ ጎዳና ላይ ካለው ጋር ያድራል፤ ይናከሳል፤ የእብድ ውሻ በሽታም በዚህ መንገድ ይዞራል። ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 ከመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ውሻ የነከሰው ልጅ ሁሉ ጉለሌ ፓስተር ይወሰድ ነበር። ሆድ ላይ የሚሰጠውን መርፌ በስም ብቻ ስንሰማ እናለቅስ ነበር። ማኮላሸት ከዚህ በሽታ አያድንም፤ የሚያድነው ክትባት ነው። ከአካባቢው ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል። ሆኖም ሴት ሲከተል የማይናከስና የማይነከስ ውሻ አንድ በር ዘጋ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ቅን መሆን ይገባኛል። ወንዶችን ብቻ በማኮላሸት የጎዳና ውሻ ቁጥር አይቀንስም። ከአሥር ወንድ ዘጠኙ ቢኮላሽ የቀረው አንዱ የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ ሊያስረግዝ ይችላል። ለቁጥር የሚበጀው ሴቶቹን ማምከን ነው። ገንዘብ ያለው ማኅበር ወይም አስተዳደር ካለ ገንዘቡን እዚያ ላይ ቢያውለው እመርጣለሁ። የወንዱን ማኮላሸት ለጠባዩና ለራሱ ደኅንነት ነው የምደግፈው።

አንድ ቦታ ግን የወንድ ውሻ መዞር ራሱ አገር የሚያሳጣ ጉዳይ ሆኗል። ባሌ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የሚገኘው እኛ አገር ብቻ ነው፤ ያለውም ከ500 አይበልጥም። በባሌ ተራሮች በወብ ሸለቆ የእረኞች ወንድ ውሾች ከሴት ቀበሮ ጋር ተዳቅለው ድቅል ግልገሎች መወለዳቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ከውሻ የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ በዚያው ሸለቆ ካሉት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየዓመቱ የአካባቢውን ውሾች የሚከትበው ለዚህ ነው። እረኛው ያለ ውሻ ከጅብ ጋር ማደር አይችልም፤ ስለዚህ ውሻህን አስወግድ ሊባል አይገባም። ግን ጅብ ላይ የሚጮኸው ውሻ ቀበሮ ተከትሎ እንዲሄድ የሚያስገድድ ምክንያት የለም። የመጀመሪያው የጥበቃ ጠባይ ነው፤ ሁለተኛው የሆርሞን ነው። ቦቢ ላይ ያየሁት ልዩነት እዚያ ተራራ ላይ ሲደርስ የአንድ ፍጥረት መኖርና አለመኖር ይሆናል።

አዛውንቱ ጎረቤታችን በመጨረሻ ያነሱት ነገር ከጥበቃም ከውፍረትም የተለየ ነበር። «ልጄ፣ እግዜር የሰጠውን መንሳት ደግ አይደለም» አሉ። ይህን በቀላሉ የማልፈው አይደለም። ውሻው አልጠየቀንም። ደኅና አካሉን ነው የምንቆርጠው። እኔ የመዘንኩት ከሌላው ጋር ነው። ከተቀደደው ጆሮ፣ ከዚያ ካንሰር፣ ከመኪና ጎማ ሥር፣ የሰፈር ሰው ሲሰለቸው ከሚያስቀምጠው መርዝ ጋር። ሌሊት ሌሊት የሚዞር ውሻ ይህች ከተማ ውስጥ ብዙ አይቆይም። በር የሚዘጋበት፣ ሰው የሚያስወጣው፣ በስሪያ ወቅት የሚጠበቅ ውሻ ቢሆን ኖሮ ግን የእሳቸውን ቃል እቀበል ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ቦቢን ጭንቅላቱን አሻሹት። ዛሬም ሲያልፉ ሁልጊዜ ያሻሹታል።

አሁን የእህቴ ባል ጀርመን ሼፐርድ ቡችላ አምጥቷል። ገና ወራቱ ነው። ልጆቹ ላይ መውጣት ስለጀመረ ከአሁኑ እናኮላሸው ይላል። እኔ እንዲቆይ ነው የመከርኩት። አጥንቱ ይጽና፤ ዓመቱን ይለፍ። እስከዚያ ልጆቹ ላይ ሲወጣ ሳይጮኹበት አውርደው ኳሱን ይስጡት። በሩ ላይ ደግሞ ከውስጥ ሁለተኛ መዝጊያ ይሠራ። ብረት ሠሪው ቅዳሜ ሊመጣ ቀጠሮ ይዟል።